የካርታ ነዳፊው ዓይኖች

ካርታ ነዳፊው መቶ አለቃ በሁለት ጠባቂ ወታደሮች መሃል ሆኖ የሆስፒታሉን ደረጃ ሲወጣ፣ ከላይ ቆማ የምትጠብቀው የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ሲስተር ፊቱን ሳይሆን እግሮቹን ነበር የምታየው። ደረጃው አሥራ አራት ነው። አንዱንም አልሳተም። ስምንተኛው ላይ ጠርዙ ተሸርፎ ገቢ ወጪውን ሁሉ የሚያደናቅፍ ቦታ አለ፤ እሱንም ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል ብሎ አለፈው። ከላይ ሲደርስ ግን ቀኝ እጁን ዘርግቶ አየሩን ዳበሰና፣

«የቀዶ ሐኪሙ ክፍል በየት በኩል ነው፣ እህቴ?» አላት።

ስንዝር በሚያህሉ ፊደላት «ቀዶ ሐኪም» የሚለው ሰሌዳ አፍንጫው ሥር ነበር። ደግሞስ እሷ ገና ቃል አልተነፈሰችም፤ «እህቴ» ያላት ምን አይቶ ነው?

ዓይኑን በጨው ያጠበ! አለች በሆዷ። በአፏ ግን፣ «በዚህ በኩል፣ መቶ አለቃ» ብላ ክንዱን ያዘችው።

ጦርነቱ ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። አልጋ ጠፍቶ ቁስለኛው ኮሪደር ላይ ተደርድሯል። ሲስተሯ በእነዚህ ሦስት ዓመታት ያላየችው ጉድ የለም፤ ሳሙና ዓይናቸው ውስጥ ጨምረው የሚመጡ፣ ትምባሆ ውጠው ልባቸውን የሚያስደልቁ፣ በገዛ ጠመንጃቸው የእግር ጣታቸውን የሚመቱ። ታናሽ ወንድሟ ግንባር ነው። የመጨረሻ ደብዳቤው ከመጣ ሰባት ሳምንት አልፏል። ስለዚህ አንድ ቀን ቀደም ብሎ የወታደራዊ ምርመራው ሻለቃ ቢሮዋ ድረስ መጥቶ ሲያነጋግራት፣ እሷን ለማሳመን ብዙ መድከም አላስፈለገውም።

«ይህ ሰው የነደፈውን ካርታ ይዞ አንድ መቶ ጦር ወንዝ ሊሻገር ሄደ» ብሏት ነበር ሻለቃው፣ ባርኔጣውን የተጠቀለሉት ፋሻዎች ላይ እያስቀመጠ። እሷ ባርኔጣውን አንስታ ወንበር ላይ አኖረችለት። «ካርታው ላይ ድልድዩ ከወንዙ መታጠፊያ በላይ ነው። መሬት ላይ ያለው ከመታጠፊያው በታች። ጠላት ከማዶ ተኝቶ ይጠብቃቸው ኖሯል። ሠላሳ አንድ ሰው አልተመለሰም።»

«ተሳስቶ ይሆናል፣ ሻለቃ።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ጠራሁት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ዓይኔ አያይም›! የዓይን ሐኪሙ በመስታወቱ መረመረው፤ ዓይኑ እንደ ሕፃን ዓይን ንጹህ ነው። አሁን ደግሞ የእናንተ ቆፋሪ ከየት መጣና ነው ጭንቅላቱን ልክፈት የሚለው?»

ቆፋሪው የተባለው ቀዶ ሐኪሙ ነው። በእጅ በሚዞር መሰርሰሪያ የራስ ቅል ስለሚበሳ የሆስፒታሉ ሠራተኛ ከጀርባው በዚህ ስም ይጠራዋል። ራሳቸውን ከከፈተላቸው ሰዎች ግማሾቹ በእግራቸው ወጥተዋል። ስለሌሎቹ ግማሾች ሠራተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው።

«ሁለቱ ተመሳጥረው ይሆናል» አለ ሻለቃው። «አንዱ መደበቂያ ይፈልጋል፣ ሌላው የሚከፍተው ራስ። ዓይንሽን ጣይበት። ያየሽውን ጽፈሽ ስጪኝ።»

እሷም ዓይኗን ጣለችበት።

በማግስቱ ጠዋት ከአልጋው ወደ መታጠቢያ ቤቱ በሚወስደው መንገድ መሃል ላይ ባዶ ባልዲ አስቀመጠችና ከመጋረጃ ጀርባ ቆመች። ካርታ ነዳፊው በአንድ እጁ ግድግዳውን እየዳበሰ መጣ። ባልዲው ጋ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆም አለ። ከዚያ ዞሮት አለፈ። እኩለ ቀን ላይ ይኸው ሰው ውሃ ልቅዳ ብሎ ብርጭቆውን ስቶ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰው፤ ውሃው ጉልበቱ ላይ እስኪንጠባጠብ ድረስም አላወቀም። ወይም ያላወቀ መሰለ። ባልዲ ያየ ዓይን ብርጭቆ እንዴት አያይም? አልዋጥ አላት። ደረጃውን፣ ባልዲውን፣ ብርጭቆውን በጥሩ የእጅ ጽሑፍ አሰፈረች፤ ፈረመችና ለሻለቃው መልእክተኛ ሰጠችው።

ከሰዓት በኋላ የካርታ ነዳፊው ታላቅ እህት መጣች። ጨርቅ አቅላሚ ናት፤ እጆቿ እስከ ክርናቸው ሰማያዊ ናቸው። ወንድሟ በክስ ላይ ያለ ሰው በመሆኑ የቀዶ ሕክምናውን የፈቃድ ወረቀት የምትፈርመው እሷ ነበረች። ወረቀቱን ግን ሳትነካው ሐኪሙን ከእግር እስከ ራሱ ታየው ጀመር።

«ዓይኑ እዚህ፣ መጋዙ እዚያ!» አለች፣ መጀመሪያ ዓይኗን ቀጥሎ አናቷን በሰማያዊ ጣቷ እየነካች። «ነገ ጥርሱን ቢያመው እግሩን ሊቆርጡለት ነው፣ ዶክተር?»

ሐኪሙ አልሳቀም። ቀጭን፣ ጎበጥ ያለ፣ ጣቶቹ በመድኃኒት ብዛት የተላጡ ሰው ነው። «የዛሬ ሁለት ዓመት ታሞ ነበር?»

«እንዴት አድርጎ! ትኩሳት፣ ትውከት፣ አንገቱን ማዞር አቅቶት። ሬሳ ልወስድ ነበር የሄድኩት። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ያኔ እንደሚተርፍ ያመነ ሰው አልነበረም።»

«ያኔ ነው የጀመረው። አንጎልን የሚሸፍን ስስ ልባስ አለ፤ እሱ ነው የተቆጣው። ትኩሳቱ ሲለቀው ልባሱ ጠባሳ ይዞ ቀረ። ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄዱት ሁለት ነርቮች የሚያልፉት በዚያ በኩል ነው። ዓይኑ ራሱ ደህና ነው። ጠባሳው ነርቮቹን አንቆ ይዟቸዋል ብዬ እጠረጥራለሁ።»

«ይጠረጥራሉ ወይስ ያውቃሉ?»

«እጠረጥራለሁ። የማውቀው ስከፍተው ነው።»

«ተከፍቶስ ምንም ባይኖር?»

«እንደነበረ እዘጋዋለሁ። ካልሞተ።»

ሴትዮዋ ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም፤ ብዕሩን አነሳች። «እስካሁን ካነጋገሩኝ ሰዎች ‹ካልሞተ› ያለኝ እርስዎ ብቻ ነዎት» አለችና ፈረመች። ጥጉ ላይ የቆመችው ሲስተር ግን በልቧ፣ ሻለቃው አልተሳሳተም፣ ሁለቱ ገጥመዋል፤ አሁን ደግሞ ሦስት ሆኑ፣ አለች።

ሐኪሙ ከመክፈቱ በፊት የዓይኑን ልክ ይፈልግ ነበር። ልኬቱን ለሲስተሯ ሰጣት። ግድግዳው ላይ ጥቁር ሸራ ተወጥሯል፤ መሃል ለመሃል ሁለት ረጃጅም ነጭ ጥብጣቦች ተላልፈውበታል። ካርታ ነዳፊው አንድ ሜትር ርቆ፣ አንድ ዓይኑን ሸፍኖ ይቀመጣል፤ በሌላው ጥብጣቦቹ የሚገናኙበትን ቦታ ትኩር ብሎ ያያል። እሷ ጫፉ ላይ ነጭ እንክብል ያለበትን ዘንግ ከሸራው ዳር ወደ መሃል ታንቀሳቅሳለች።

«አለ… አለ… አለ… ጠፋ።»

እዚያ ላይ በጠመኔ ነጥብ ታደርጋለች። በሌላ በኩል ታመጣዋለች። «አለ… ጠፋ።» ነጥቦቹ ሲገናኙ መሃሉን ይዞ ወደ ውጭ በኩል የተለጠጠ፣ የእጅ መዳፍ የሚያክል ቀዳዳ ሆነ። የቀኝ ዓይኑ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። በሚቀጥለው ቀን ደገመችው፤ ቀዳዳው ያው ነው፣ ያለ ምንም ልዩነት።

ይሄ ደግሞ ይበልጥ አስጠረጠራት። ካርታ ነዳፊ አይደል? መስመር ማስታወስ እንጀራው ነው። ሸምድዶታል! ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ዓይኑን ለመሸፈን ፋሻ እያዘጋጀሁ ነው ብላ አስነሳችውና፣ ወንበሩን ድምፅ ሳታሰማ ከሸራው ሁለት ሜትር ላይ አደረገችው። እውነቱን የሚናገር ከሆነ የትም ቢቀመጥ ቀዳዳው ያው መሆን አለበት ብላ ነበር ያሰበችው።

ቀዳዳው እጥፍ ሆነ።

ጠመኔውን ጥላ ወደ ሐኪሙ ሮጠች። ሐኪሙ የሽቦ መጋዙን በዘይት ጨርቅ እየወለወለ ነበር።

«እጅ ከፍንጅ ያዝኩት!» አለችው። «ወንበሩን ሳርቀው ቀዳዳው አደገ! አንድ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ይህን ያህል አይታወርም።»

ሐኪሙ መጋዙን አስቀመጠ። «አንድ ዓይንሽን ጨፍኚ። አውራ ጣትሽን በሌላው ዓይንሽ ፊት አቁሚ፣ ግማሽ ስንዝር ራቅ አድርገሽ። አሁን ከእኔ ምን ጠፋሽ?»

«ፊትዎ።»

ተነስቶ እስከ ክፍሉ መጨረሻ ሄደና በሩን ተደግፎ ቆመ። «አሁንስ?»

አውራ ጣቷ ሐኪሙን ከነበሩ ዋጠው። እጇን ሳታወርድ ቀረች።

«ጣትሽ አላደገም» አላት ከበሩ። «ዓይን ውስጥ ያለ ቀዳዳ ስትርቂ ይሰፋል፤ መስፋትም አለበት። የሚያስመስል ሰው የሚነግርሽ የሚያስታውሰውን ነው፤ ትናንት እዚህ ጋ ጠፋ ካለ ዛሬም እዚያው ጋ ነው የሚለው። ይህን ፈተና እኔ ዛሬ ማታ ላደርገው ነበር። አንቺ ቀደምሽኝ።»

«ባልዲውስ?» አለች። «ባልዲውን አይቷል እኮ፣ ዶክተር። ደረጃውንም።»

«የጠፋው መሃሉ ነው። ዳር ዳሩ ደህና ነው። ሊያየው የፈለገውን ነገር ትኩር ሲልበት ይጠፋዋል፤ ያላሰበውን በዳር ዓይኑ ያየዋል።» ከዚያ ቆም አለ። «የምን ባልዲ ነው?»

ስለ ወረቀቱ ነገረችው። ሐኪሙ ተመልሶ መጋዙን አነሳና መወልወሉን ቀጠለ። ብትሰደብ ይሻላት ነበር።

ወረቀቱ ግን ሥራውን ጨርሷል። በማግስቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ካርታ ነዳፊው ራሱን ተላጭቶ በተሽከርካሪው አልጋ ወደ ቀዶ ክፍል ሲገፋ፣ ሻለቃው ሁለት ወታደር አስከትሎ ከፊት ለፊት መጣ። በእጁ የያዘው ወረቀት የእሷ ነበር።

«ይህ ሰው ከእኔ ጋር ይሄዳል። ነገ ችሎት ይቀርባል።»

ሲስተሯ ከአልጋው ፊት ቆመች። እንዲህ አደርጋለሁ ብላ አላሰበችም። «ሻለቃ፣ የጻፍኩት ስህተት ነው።»

«የመጀመሪያው ነው የዛሬው ነው ስህተቱ?»

«የመጀመሪያው። ያየሁትን ነው የጻፍኩት፤ ምን እንዳየሁ ግን አላወቅኩም።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው!» ሻለቃው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተ። «እዚህ ቤት ሰው በሦስት ቀን ይገለበጣል ማለት ነው። ምን ቃል ገቡልሽ?»

ሐኪሙ ከቀዶ ክፍሉ በር ላይ ሆኖ፣ እጁ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ፣ «ይግቡና በዓይንዎ ይዩ» አለ። «ምንም ካላገኘሁ ሁለታችንንም ይውሰዱን። ነጩን ካባ አልብሱልኝ።»

ሻለቃው ካባና የአፍ መሸፈኛ ለበሰ። ቦት ጫማው ከካባው ሥር ያብረቀርቅ ነበር።

ለታካሚው የሚያስተኛው ኤተር አልተሰጠውም፤ ኤተር አንጎልን ያሳብጣል። የራስ ቆዳውን ብቻ በመርፌ አደነዘዙት። ስለዚህ ካርታ ነዳፊው ፊቱ ላይ በተዘረጋው አንሶላ ሥር ነቅቶ ነበር፤ ሲስተሯም ከአንሶላው ሥር እጇን አስገብታ የደም ምቱን ትቆጥራለች። መሰርሰሪያው አጥንቱን ሲበሳ ድምፁ ጥርስ ያንቀጫቅጭ ነበር። «ምንም አያመኝም» አለ ሰውየው። «ግን ቤት የሚሠሩብኝ ይመስለኛል።» ምቱ ሰማንያ ነበር።

ሐኪሙ የሽቦ መጋዙን በቀዳዳዎቹ መካከል አሳልፎ አጥንቱን እንደ መስኮት ከፈተው። አንጎሉን በሰፊ ማንኪያ መሰል መሣሪያ በእርጥብ ጥጥ ላይ ቀስ አድርጎ ደገፈ፤ ግንባሩ ላይ ያሰረውን መብራት አስተካክሎ ወደ ታች አየ። ሻለቃው አንድ እርምጃ ቀረበ።

«ይኸው» አለ ሐኪሙ። «እዚህ ጋ ሁለት ነጭ ገመዶች መታየት ነበረባቸው። ይታይዎታል?»

ሻለቃው ጎንበስ አለ። ነጭ ገመድ አልነበረም። በውሃ የራሰ ወረቀት ደራርበው የለጠፉት የሚመስል፣ ግራጫ፣ ወፍራም ነገር ሁሉንም ጠፍሮ ይዞታል። በመሃሉ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ተወጥሯል። ሐኪሙ በመርፌ ጫፍ ሲነካው እንባ የመሰለ ጥርት ያለ ውሃ ፈሰሰ።

«መቼ የጀመረ ነው?» አለ ሻለቃው።

«የወር ነገር አይደለም። ዓመት ያለፈው ነው።»

«ማለት ካርታው ሲነደፍ ነበረ?»

«ነበረ።»

ሻለቃው ቀና አለ። ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል ብላ ሲስተሯ ትንፋሿን ለቀቀች። እሱ ግን ወደ አንሶላው ዞረና ዝቅ አለ።

«መቶ አለቃ፣ ትሰማኛለህ?»

«እሰማለሁ፣ ሻለቃ።»

«ካርታውን ስትነድፍ እንደማታይ ታውቅ ነበር?»

«ሻለቃ!» አለ ሐኪሙ፣ ከእጁ አንዲት ጣት ሳያንቀሳቅስ። «ይህ ሰው ራሱ ክፍት ነው!»

በሲስተሯ ጣቶች ሥር ምቱ መቶ ሃያ ደረሰ። ከአንሶላው ሥር የመጣው ድምፅ ግን የተረጋጋ ነበር።

«አውቅ ነበር። መስመሩ ላይ ትኩር ስል መስመሩ ይጠፋኛል። ለአምስት ወር በዳር ዓይኔ እየሰረቅኩ ነው የነደፍኩት። መታጠፊያው ጋ ስደርስ… ገመትኩ።»

«ለምን አላመለከትክም?»

«ጠረጴዛ የምጋራው ጓደኛዬ እጄ ዛለ ብሎ አመለከተ። ‹ፈሪ› የሚል ጽሑፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥለው ጦር ሰፈሩን ሲያዞሩት አይቻለሁ። ማን ያምነኛል? ዓይንህ ንጹህ ነው እያሉኝ። ሠላሳ አንዱን በስማቸው ጠርቻቸዋለሁ፣ ሻለቃ። በየቀኑ እጠራቸዋለሁ።»

ሐኪሙ በትንሽዬ መንጠቆ ግራጫውን ልባስ ክር በክር መላጥ ጀመረ። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀበት። የግራው ነርቭ ከእስሩ ሲወጣ ጠፍጠፍ ያለ ቢሆንም ነጭ ነበር። የቀኙ ቀጥኖ ግራጫ ሆኗል። ሐኪሙ እሱንም ፈታው፤ ግን አየውና ራሱን ነቀነቀ።

ሻለቃው ኮሪደሩ ላይ ካባውን እያወለቀ ሲስተሯን ጠበቃት። ላብ ኮሌታውን አርሶታል። «ማስመሰል የሚለውን ክስ እሰርዛለሁ» አለ። «ዕውርነቱን እያወቀ ካርታ መስጠቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያለውን ሰምተሻል?»

የደም ምት እየቆጠርኩ ነበር፣ አልሰማሁም ማለት ትችል ነበር። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ደግሞ ሠላሳ አንድ እህት ወይም እናት አንድ ቦታ ሆነው ደብዳቤ እየጠበቁ እንደሆነ አሰበች።

«ሰምቻለሁ።»

«ትጽፊዋለሽ?»

«እጽፈዋለሁ። ግን ሁሉንም ነው የምጽፈው። ‹ማን ያምነኛል› ያለውንም፣ ጓደኛው ላይ የተንጠለጠለውንም፣ የመጀመሪያው ወረቀቴ ስህተት መሆኑንም። አንዱን ቆርጠው የሚያስቀሩ ከሆነ ፊርማዬን አይጠቀሙ።»

ሻለቃው አላመናትም፤ ግን ወረቀት አቀበላት።

ካርታ ነዳፊው ስድስት ቀን በትኩሳት ነደደ። እህቱ በሰማያዊ እጆቿ ግንባሩን እየዳበሰች ሐኪሙ በገባ ቁጥር፣ «ያ ‹ካልሞተ› ያሉት ነገር እንዴት ሆነ?» ትለዋለች። በሰባተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው። በዘጠነኛው የዓይኑ ፋሻ ሲወርድ ሲስተሯ ሌላውን ሰው ሁሉ አስወጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ስለ ሁለቱም ወረቀቶች ነገረችው፤ ስለ መጀመሪያውም፣ ስለ ሁለተኛውም።

እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ከነገ ጀምሮ ቁስሌን ሌላ ሰው ይጠብልኝ» አላት።

ሌላ ሰው መደበችለት። ወጣቶቹ ሲስተሮች ወደዱት። ጣታቸውን ከፊቱ እያውለበለቡ፣ «ስንት ነው? አየኸው? አየኸው አይደል?» ይሉታል፤ እሱም «አየሁ መሰለኝ» ሲል ያጨበጭባሉ። ሲስተሯ ይህን ሁሉ ከኮሪደሩ ትሰማለች። ወደ ክፍሉ አትገባም።

ፍርዱ በአሥራ ስድስተኛው ቀን መጣ። ማዕረጉ ተገፈፈ፤ ሁለት ዓመት እስራት። እህቱ የስቅላት ገመድ ነበር የምትጠብቀው፤ የሰማችውን ለማመን ሦስት ጊዜ አስነበበች። ጠባቂዎቹ በማግስቱ ሊወስዱት ነው። በዚያው ቀን ከሰዓት፣ ካርታ ነዳፊው ኃላፊዋ ሲስተር ትጠራልኝ አለ።

በሩ ላይ ቆመች። እሱ ከሸራው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ቀኝ ዓይኑን ራሱ በፋሻ ሸፍኖታል።

«ቀኙ እንደማይመለስ ዶክተሩ ነግሮኛል» አለ። «የግራውን ለኪልኝ።»

«ሌሎቹም እኮ ይችላሉ። እኔን አልፈልግም ብለህ ነበር።»

«አሁንም ያው ነኝ። ግን ሌሎቹ እንዳይ ይመኛሉ። አየሁ ስላቸው ሊያጨበጭቡ ዝግጁ ናቸው፤ እኔም ከጉጉቴ የተነሳ ያላየሁትን አየሁ እላለሁ። አንድ ጊዜ ገምቻለሁ፤ ሁለተኛ መገመት አልፈልግም። አንቺ አታምኚኝም። አንቺ ለኪኝ።»

ዘንጉን አነሳች። ከዳር ወደ መሃል አመጣችው፤ ቀስ ብላ፣ አንዳንዴ ቆም እያለች፣ አንዳንዴ መንገዱን ሳትነግረው እየቀየረች። «አለ… አለ… አለ…» እንክብሉ ጥብጣቦቹ የሚገናኙበት አጠገብ እስኪደርስ ድረስ «ጠፋ» የሚለው ቃል አልመጣም። በጠመኔ ምልክት አደረገች። በቀረው በኩል ሁሉ ዞረች። መዳፍ ያክል የነበረው ቀዳዳ አሁን ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም።

ወንበሩን ከሸራው ሁለት ሜትር እስኪርቅ ወደ ኋላ ስባ እንደገና ለካችው፤ ቀዳዳው በልኩ እጥፍ ሆነ። ሸራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ፣ ወንበሩን ወደ መጀመሪያው ቦታ መልሳ ለሦስተኛ ጊዜ ጀመረች። እሱም አልተሰላቸም፤ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ እያንዳንዱን «አለ» እና «ጠፋ» ጠራላት። ሦስተኛው ልክ ከመጀመሪያው ጋር ገጠመ።

ከዚያ በኋላ ነው ብዕሯን ቀለም ነክራ፣ «የግራ ዓይን ያያል» ብላ የጻፈችው።